ሮቢትን ሰጠሁህ

የእህቴ ልጅ ሙያዋ የኮምፒውተር ጨዋታ መሥራት ነው። አሁን የያዘችው፣ እስርና ጦርነት ያስደነገጣቸው ሰዎች ትዝታቸውን በራሳቸው ፍጥነት የሚጎበኙበትን ጨዋታ ነው። መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «ጋሼ፣ የታሰሩበት ክፍል ስንት በስንት ነበር?» ብላ ነው።

ስድስት እርምጃ በአራት። ቆቦ ውስጥ የሚገኝ የእህል መጋዘን ነበር። ታጣቂዎች ከቤቴ ወስደው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት የበሩን ውፍረት ነው። መስኮት የለውም፤ የማሽላ ብናኝ ጉሮሮ ይይዛል። አሥራ አንድ ነበርን። ቀኑን ሙሉ የምናየው በበሩ ሥር የሚገባውን ብርሃን ነው። የጠባቂው ጥላ በዚያ ላይ ይመላለሳል፤ ከቆመ ስም ይጠራል።

ከጎኔ የነበረው ገበሬ በየቀኑ ይጠራል። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅህ የት ነው? «አላውቅም» ብሎ ይመለሳል። ሲመለስ መቀመጥ አይችልም።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ሐጂ የምንላቸው የጨርቅ ነጋዴ ፍርሃታችን ሰለቻቸው መሰለኝ፣ ወደ ገበሬው ዞረው «እንቆቅልሽ!» አሉ።

«ምናውቅልህ!» በእንቆቅልሽ አንቱታ የለም።

«አንድ ጎኑ ሁልጊዜ ቤት፣ አንድ ጎኑ ሁልጊዜ ደጅ የሚያድር?»

«ድመት?»

«ድመት አለ! ያንተ ድመት ለሁለት የተሰነጠቀች ናት እንዴ? በል፣ አገር ስጠኝ!»

ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን። ገበሬውም እየሳቀ፣ «ሮቢትን ሰጠሁህ» አለ፤ ከቆቦ የማትርቀውን ከተማ።

ሐጂ እንደ ደንቡ «ሮቢት ገብቼ ምን አጥቼ…» ብለው ጀመሩና የገበሬውን ፊት አይተው ተዉት። አመድ መስሎ ነበር። አገር ስጠኝ ሲባል ሰው አፉ ላይ የሚመጣለት በልቡ የሚያመላልሰው ስፍራ ነው። ልጁ የት እንዳለ ሁላችንም አወቅን።

በበሩ ሥር ጥላው ቆሟል።

በሩ ተከፈተ። «ሮቢት ያለው ማነው?» አለ ጠባቂው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፁ ከእኔ የወጣ አልመሰለኝም። «እንቆቅልሽ ተሸንፌ ነው።»

«የምን እንቆቅልሽ?»

ሐጂ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ፣ «እንቆቅልሽ» አሉ።

«ምናውቅልህ» አለ ጠባቂው። አምልጦት ነው፤ የልጅነት አፉ መለሰለት። ሐጂ ጥያቄውን ደገሙለት። አንድ እጁን በሩ ላይ እንዳሳረፈ አሰበ። መልሱ እጁ ሥር ነበር፤ በር። አላወቀውም። ያፈረ ይመስል በሩን ወርውሮ ዘጋው። ጥላው ግን አልሄደም።

«መልሱስ?» አለ ከውጭ።

ገበሬው የእጄን አንጓ ያዘ።

«አገር ሳትሰጥ መልስ የለም» አልኩት። «ደንቡ ነው።»

«እናንተ ሽማግሌዎች አብዳችኋል» ብሎ ሄደ። ገበሬው የእጄን አንጓ እንደያዘ እስኪመሽ አልለቀቀኝም። በማግስቱ ስለ ሮቢት የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። የተናገርኩት ያንኑ ነው፤ ቃል አልጨመርኩም። ልጁን አላገኙትም።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ጨዋታውን አሳየችኝ። መጋዘኑ በልኩ ተሥሏል። እንቆቅልሹን መመለስ ያቃተው ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ከሥሩ ቆቦ፣ ዋጃ፣ ሮቢት ተደርድረዋል። አንዱን ካልመረጠ ጨዋታው አይቀጥልም። ጣቴ ሮቢት አጠገብ ደርሶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይንኩት እንጂ። ጨዋታ እኮ ነው።»

«ያኔም ጨዋታ ነበር» አልኳት።

እጄን አየች። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ስባ ረጅም ጊዜ ጻፈች። ስትመልስልኝ ከከተሞቹ በታች «አልሰጥም» የሚል ቁልፍ ተጨምሯል። ሲነካ ምንም ጥያቄ አይከተልም፤ በሩ ይከፈታል።

ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። ይሠራል።