ጊታር አንግቶ እስክስታ

ባለፈው ሳምንት የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ አማን ከተማ ውስጥ፣ ጀበል አማን በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤቴ የወጣው ሰውዬ፣ አዲሱን ከመግጠሙ በፊት ጋዙ እንዳያፈስ የሚዘጋውን አሮጌ ጎሚኒ በካቻቢቴ ጫፍ ፈልቅቆ ወለሉ ላይ ጣለው። ጥቁር፣ የጣት ቀለበት የሚያህል፣ አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ ጎሚኒ ነው። ሰውዬው ወርዶ የጋዝ መኪናው ደንበኛ የሚጠራበት ዜማ በቁልቁለቱ እየራቀ ሲሄድ ላነሳው ጎንበስ አልኩ፤ የላስቲኩና የጋዙ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ግን ሁለቱም እጆቼ በራሳቸው ወደፊት ተዘረጉ። በጋዜጠኝነት ሥራዬ ሰልፍም ጎርፍም የፈረሰ ሕንፃም ዘግቤአለሁ፣ በቀላሉ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። እጆቼ የተዘረጉት የሚወድቅ ጊታር ሊቀልቡ ነው።

ያደግኩት ጀበል አል-ወይብደህ ውስጥ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ በተሠራ ቤት ነው፤ መስኮታችን የአላፊ አግዳሚውን ጫማ እንጂ ፊቱን አያሳይም ነበር። እናቴ ዘሃራ ቀን ቀን ሰው ቤት እያጸዳች ማታ ትመለሳለች። አርብ ሲሆን ደግሞ እትዬ ሰብለ ትመጣለች። እትዬ ሰብለ ዳቡቅ ውስጥ በአንድ ትልቅ ቪላ ውላ የምታድር ሠራተኛ ስትሆን፣ የእረፍት ቀኗን የምታሳልፈው እኛ ዘንድ ነበር። ሃይማኖታቸው ለየብቻ ቢሆንም አርብ ለሁለቱም ተመችቷቸው ነበር፤ እናቴ ከስግደት ስትመለስ እትዬ ሰብለ ሽንኩርት ከትፋ ትጠብቃታለች፣ ከዚያ እስኪመሽ ድረስ የሳምንቱን ማዳሞች አንድ በአንድ ያሟቸዋል።

እትዬ ሰብለ አገር ቤት ተማሪ ሳለች በትምህርት ቤቷ ሚኒ ሚዲያ ጊታር ትጫወት ነበር። የዳቡቋ ማዳም ልጅ ዚያድ ደግሞ ክሩ ጣቴን ቆረጠኝ ብሎ አልጋ ሥር የጣለው ጊታር ነበረው። አቧራውን ስትወለውል ስትወለውል አንድ ቀን ደፍራ ጠየቀች፤ ማዳምም ፈቀደች፣ ግን በደንብ አስጠንቅቃ። አርብ ጠዋት ይወጣል፣ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሳይደርስ ይመለሳል፣ አንዲት ጭረት ከተገኘችበት ደግሞ ኻላስ፣ ሁለተኛ ከዚያ ቤት አይወጣም።

ከዳቡቅ አውቶቡስ እንደልብ ስለማይገኝ በታክሲ ነበር የምትመጣው፤ ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ታቅፈዋለች፣ አንዱ ሹፌርማ ሕፃን መስሎት ሬዲዮውን እንደቀነሰላት ስትነግረን እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር። ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ስትጫወት ያ ዝቅ ያለ ቤት ከፍ ያለ ይመስለኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በማዳም ጥሪ የምትሮጥ ሴት፣ ያን ጊዜ ማንም ቢጠራት ቀና አትልም።

ከዚያ የጓደኛዋ ሠርግ መጣ። አዳራሹ ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ያለ ፎቅ ነው፣ ኪቦርድ የሚጫወተው ሰው ከሥራ አትቀርም ተብሎ መምጣት አልቻለም፣ ሙሽራዋም እትዬ ሰብለን ለመነቻት። ተቀምጦ መጫወት አይሆንም፤ ዘፋኟም ጨፋሪውም ቆሞ በሚከብበት ቦታ የተቀመጠ ሰው አይታይም፣ አይሰማምም። ቆሞ ለመጫወት ደግሞ ማንገቻ ያስፈልጋል፣ ጊታሩ ግን ማንገቻ አልነበረውም። ከታችና ከአንገቱ ሥር ማንገቻው የሚያዝባቸው ሁለት የብረት ጉጦች ብቻ ነበሩት።

እናቴ ወደ አገሯ ስትመለስ ሻንጣ ልታስርበት ከበለድ፣ ከመሃል ከተማው ገበያ የገዛችውን፣ ለዓመታት ሳጥን ውስጥ የተኛ ቀበቶ አወጣች። ዳርና ዳሩን በመቀስ ቀደዱት፣ ክሩ እንዳይተረተር ቀዳዳውን በክብሪት ለበለቡት፣ ጉጦቹ ላይ አስገቡት። እትዬ ሰብለ አንግታው ቆመች፣ አንድ ጊዜ ክሩን መታች፣ ሁለተኛውን ልትመታ ስትል የላይኛው ጫፍ ከጉጡ ሾልኮ ጊታሩ በአፍጢሙ ወረደ። ያዳነው ፍራሹ ነው።

እናቴ «ያ አላህ! የሰው ዕቃ!» ብላ ጮኸች።

እትዬ ሰብለ ጊታሩን አገላብጣ አየችው፣ በጣቷ ዳበሰችው፣ ጭረት የለውም። «እትዬ ዘሃራ፣» አለች፣ «አርቤ ነበር እኮ የወደቀው።»

እናቴ ጋዝ ትፈራለች። የጋዝ ሰውዬው በመጣ ቁጥር አዲስ ጎሚኒ ካልሰጠኸኝ ብላ ደረጃው ላይ ትሟገተዋለች፤ ሰውዬው እሷን ሲያይ ገና ከሩቁ «ሐድር፣ ሐድር»፣ እሺ እሺ እያለ ኪሱን ይዳብስ ነበር። ስለዚህ ቤታችን ቲማቲም ቢጠፋ እንኳ በማርማላታ ብርጭቆ የተቀመጠ ትርፍ ጎሚኒ አይጠፋም። ከዚያ ሁለቱን አውጥታ በሞቀ ውኃ አለሰለሰችና፣ ማንገቻው ጉጡ ላይ ከገባ በኋላ ጎሚኒውን በላዩ ጨምቃ አስገባችው። ጉጡ ጫፉ ሰፋ ያለ ስለሆነ ጎሚኒው ከሥሩ ገብቶ ማንገቻውን ጠርቅሞ ያዘው። «ጋዝ የሚይዝ እንጨት መያዝ ያቅተዋል?» አለች። ሁለቱም ግራና ቀኝ ይዘው ጎተቱት፣ አልወጣም።

የቀረው ልኩ ነበር። እትዬ ሰብለ በቴሌቪዥን እንዳየቻቸው ጎረምሶች ጊታሩን ዳሌዋ ድረስ አውርዳ ስትቆም እናቴ «ጉልበትሽን ልታኪበት ነው?» አለቻት፤ እውነትም የግራ አንጓዋ ተቆልምሞ ወዲያው አመማት። በመጨረሻ ተቀምጣ እንደለመደችው ያዘችው፣ ማንገቻውንም እዚያው ላይ አሳጠሩት፤ ስትነሳ ጊታሩ ካለበት ንቅንቅ አላለም። የማዳምን ምንጣፍ ጣሪያ ላይ እያወጣች ስታራግፍ የተጎዳው ግራ ትከሻዋ እንዳይጠዘጥዛት ደግሞ እናቴ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ቆርጣ ትከሻው ላይ የሚያርፍ ትራስ ሰፋችበት።

በሠርጉ ዕለት እኔና እናቴ ከፊት ነበርን። ዓይኔ ልክ በጊታሩ ቁመት ላይ ስለነበረ ሙሽራዋን ትቼ የማየው የላይኛውን ጉጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች በሰላም አለፉ። እትዬ ሰብለ ፊቷ እየተፈታ መጣ፣ አዳራሹም ሞቀ፣ የእናቴ እጅ እኔን መጨበጡን ቀነስ አደረገ። ይህን ሁሉ ጊዜ ግን አንድ ነገር ያሰበ ሰው አልነበረም። በእኛ አገር ሰዎች ዘንድ ማንም ፊትህ መጥቶ ትከሻውን ከነቀነቀልህ ዝም ብለህ አትቆምም፤ በሠርግ ላይ ዝም ማለት ሙሽራዋን እንደመናቅ ነው። ጊታርም ይሁን ሌላ በእጅህ የያዝከው ነገር ምክንያት አይሆንም።

ወይንሸት የምትባል፣ በእስክስታ የታወቀች የእትዬ ሰብለ ባልንጀራ ክቡን ሰንጥቃ መጣች፣ ወገቧን ይዛ ትከሻዋን ለቀቀችው። እትዬ ሰብለ በፈገግታ ልታልፋት ሞከረች፣ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ በዓይኗ ጊታሩን አሳየቻት።

«ምነው ሰብልዬ!» አለች ወይንሸት ለሁሉም እንዲሰማ። «ማዳም ትከሻሽንም ቆለፈችብሽ እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሴቶቹ እያጨበጨቡ «ትከሻ! ትከሻ!» ይሉ ጀመር። እትዬ ሰብለ ወደ እናቴ አየች፣ እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ትከሻዋ ተነሳ።

እጇ ክሩን ሳይለቅ ትከሻዋ ብቻ ይመታ ነበር። በእያንዳንዱ ምት ማንገቻው ወደ ጉጡ ጫፍ እየተንሸራተተ ሄዶ ጎሚኒውን ይገፋዋል፣ ጎሚኒው ያብጣል፣ መልሶ ይገፋዋል። ወይንሸት እየተርገፈገፈች ወደ መሬት ወረደች፤ አብሮ መውረድ ግድ ነው፣ እትዬ ሰብለም በጉልበቷ ወረደች። የጊታሩ ታች ከድንጋዩ ወለል ጋር ሊሳሳም ትንሽ ቀረው። የጎሚኒው አንድ ጠርዝ ከጉጡ ላይ ሲነሳ በዓይኔ አየሁት። ልቀልበው ሁለቱን እጆቼን ዘረጋሁ። እናቴ በከንፈሯ የምታነበንበው ዱዓ ከጭብጨባው በላይ ይሰማኝ ነበር። ወይንሸት በመጨረሻ ተሸነፍኩ ብላ እጇን ስታነሳ፣ እትዬ ሰብለ በእልልታ መሃል ቀጥ ብላ ቆመች። ጎሚኒው ጉጡ ላይ ነበር። ጊታሩም እንዳለ ነበር።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ታክሲ አስቆመንላት፣ ብርድ ልብሱን ራሴ ጠቀለልኩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላየሁም፣ በሚቀጥለው አርብ ራሷ የነገረችንን ነው የምጽፈው። ማዳም ጊታሩን ሳሎን ውስጥ በትልቁ መብራት ሥር አገላብጣ አየችው፣ በጥፍሯ ሳይቀር ሞከረችው፣ አንዲት ጭረት አላገኘችበትም። «ሺ ሚኒሕ» አለች፣ ጥሩ ነው ማለቷ ነው፤ ከአሁን ወዲያ በየአርቡ ውሰጂው ልትል አፏን ስትከፍት ዚያድ ከፎቅ ወረደ። ማንገቻውን አይቶ አነገተው። ማንገቻው ለእሱም ልኩ ነበር። ትከሻው ላይ የሚያርፈውን ትራስ ደባበሰ፣ ማንገቻውን ጎተተው፣ ከጉጡ አልወጣ ሲለው ሳቀ፣ ሁለት ሦስቴ ክሩን መታና እናቱን «ሙሪሕ» አላት፤ ይመቻል። ያን ቀን ከትከሻው አላወረደውም። በኋላም ለትምህርት ጀርመን ሊሄድ ሲነሳ ይዞት ሄደ። ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ለእትዬ ሰብለ ሽቶ ገዝታላታለች።

በዚያ አርብ ይህን ስትነግረን ሁለቱም እጆቿ ባዶ ነበሩ። እናቴ ተቆጣች፣ «ጎሚኒዎቼን እንኳ አውጥተሽ አትመጪም?» አለቻት።

«ባወጣቸው ይወድቅ ነበራ፣ እትዬ ዘሃራ፣» አለች።

አርቧ አልተነካባትም። ከዚያም በኋላ ለዓመታት መጣች፣ ሽንኩርት ከተፈች፣ ማዳሞችን አማች፣ ፍራሹ ላይ ጋደም አለች። ቤታችን ግን እንደ ቁመቱ ዝቅ ብሎ ቀረ። ከምሳ በኋላ ጉልበቷ መሃል አስቀምጣ ጸጉሬን ትሠራኝ ነበር፤ የግራ እጇ ጣቶች ጫፍ በክሩ ደርቀው እንደ ቁርበት ጠጣር ስለነበሩ፣ የትኛው እጇ እንደሆነ ሳላይ አውቅ ነበር። ከሳምንት ሳምንት ያ ጠጣር ቆዳ እየተላጠ፣ እየሳሳ ሄደ። ብርዱ አልፎ መስኮቱን መክፈት ስንጀምር ጭንቅላቴ ግራ እጇን ከቀኙ መለየት አቃተው።