ለእንግሊዛዊቷ ላስተረጉም የሄድኩ ዕለት

እንግሊዛዊቷ አዳማ መጥተው ግቢያችን ውስጥ ያለውን ሰርቪስ ቤት ሲከራዩ ሰማንያን አልፈው ነበር። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። በወጣትነታቸው፣ ኬንያ ገና በእንግሊዝ እጅ ሳለች፣ የሰሜኑን በረሃ በግመልና በእግር እየዞሩ አርብቶ አደሮችን ይከትቡ እንደነበር አውቃለሁ። አማርኛቸው ግን ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ ላንጋኖን ማየት እንደሚፈልጉ ሲነግሩኝ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና፣ "እኔ አስተረጉምልዎታለሁ" ብዬ አብሬያቸው ተነሳሁ።

ዝዋይን እንዳለፍን የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። ወርደን ግራር ሥር ተጠለልን። ከተሳፋሪዎቹ መካከል በትር የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። እማማ፣ እንግሊዛዊቷን ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው፣ ጠጋ ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሏቸው። ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ሲጠያየቁ ቆዩ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ "ንግግራቸው የቦረና ነው። እኚህን ሴት ከየት አገኘሻቸው?" አሉኝ።

ከዚያ ረጋ ብለው እማማን አንድ ነገር ጠየቁ። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና መለሱ።

"ምን አሉዎት?" አልኩ።

"አስተርጓሚዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ?" ብለው ሳቁብኝ። "ሰዎቻችሁ ኬንያን ሲገዙ መሬቱ የማን ነበር አሉኝ። የእነሱ ነበር፣ እኛ ሳንጠራ የሄድን ነን አልኳቸው።"

ጎማው እስኪቀየር ድረስ ቋንቋውን በኬንያ በረሃ ከቦረናዎች እንዴት እንደተማሩ አጫወቱኝ። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት እናት ልጇን አላስከትብም አለች። አብሯቸው የነበረው አስተርጓሚ ጮኸባት። ምን እንዳለች ሲጠይቁት "እምቢተኛ ናት" ብቻ አላቸው። ኋላ ሲያጣሩ ሴትዮዋ የጠየቀችው፣ ልጄን የምትነካው ሴት ስሟ ማን ነው ብላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሥራ ሲፈቱ ከሴቶቹ ጋር እየተቀመጡ፣ እንደ ሕፃን እየታረሙ፣ ሁለት ዓመት ተማሩ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዳማ ነው። ኦሮምኛዬ ግን ከሰላምታና ከገበያ አይዘልም። አፈርኩ፤ ከማፈሬ በላይ ግን በእማማ ተደነቅሁ። በዚያ ዘመን አዛዥ ሆኖ መኖር ሲቻል፣ ተማሪ መሆንን መረጡ።

ከላንጋኖ እንደተመለስን ኦሮሞ የሆነችውን ጎረቤታችንን "ቋንቋሽን አስተምሪኝ" አልኳት።

"እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቂ ነበር?" አለችኝ።

በማግስቱ ጀመርን።