ከእናቴ ስም ቀጥሎ

ዛሬ ጠዋት ወለል በበረኪና ሳጥብ ሽታው ወደ ልጅነቴ፣ ሰቆጣ ወደነበረ አንድ የጤና ጣቢያ በረንዳ ወሰደኝ።

እናቴ ምጥ ጠንቶባት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድማለች። ከገጠር፣ ከፃግብጂ በቃሬዛ ነው ያመጧት። አያቴ ነጠላቸውን አደግድገው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣውን ሠራተኛ ይለምናሉ። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣጛ ስለሆነ ሲጨነቁ አማርኛው ይጠፋባቸዋል።

"አንቺ ሴትዮ፣ በአማርኛ ተናገሪ" አላቸው፤ ወደ ጓደኛው ዞሮ እየሳቀ።

"ደም እየፈሰሳት ነው ይላሉ" አልኩት እኔ።

"ተራ ጠብቁ።"

ተራችን ሲደርስ እናቴ ሞታ ነበር።

አያቴ አልጮሁም። "ልጄ፣ የዚያን ሰውዬ ስም ጠይቀሽ ንገሪኝ" ብቻ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመው ከእናቴ ስም ቀጥለው የእሱን ይጠሩ ነበር። አንጀቴ አርሮ "ለእሱ ደግሞ ለምን ይጸልያሉ?" አልኳቸው።

"ስሙ እላይ ቤት እንዳይረሳ ነው" አሉኝ።

ያኔ አልገባኝም። የማሩት መስሎኝ ብዙ ጊዜ አኮረፍኳቸው።

እኔን እንደ እናትም እንደ አያትም ሆነው አሳድገው ዘንድሮ አረፉ። በተዝካራቸው ቄሱ "እናታችን ልጃቸውን ለሞት ለዳረገባቸው ሰው እንኳ ይቅር ብለው የጸለዩ ነበሩ" ሲሉ ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ።

"አባ፣ ይቅር አላሉትም" አልኩ። "ለእግዜር ከሰውት ነው የኖሩት።"

አሁን በየማለዳው የዚያን ሰውዬ ስም የምጠራው እኔ ነኝ።