ጢጥ የሚለው ፍላጻ

ሻኮፒ በምትባል የአሜሪካ ከተማ መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ አንድ አሜሪካዊ ነበር፤ በቀስት ያድናል። ሙስሊም ስለሆንኩ ያልታረደ እንደማልበላ ያውቃል። አንድ አርብ «ነገ ቢላህን ይዘህ ና፤ የወጋሁት አጋዘን ሳይሞት ከደረስንበት አንተው ታርደዋለህ፤ ግማሹን ትወስዳለህ» አለኝ።

ገና ሲነጋ አንዲት አጋዘን በፍላጻ ወጋ፤ አመለጠችው። እሱ ግን አልደነገጠም። ፍላጻው ላይ ያኔ አዲስ የወጣች፣ አጋዘኗ ሰውነት ላይ ተሰክታ የምትቀር፣ የጣት ጫፍ የምታህል ምልክት ላኪ ነበረች። በእጁ የያዘው መቀበያ ጢጥ ጢጥ ይላል፤ በቀረብን ቁጥር ይፈጥናል።

ጉሙ የዛፎቹን ግንድ ውጦ ቅርንጫፎቹን ብቻ አየር ላይ ትቷቸዋል። እንደ ሕልም ነው፤ እግሬ መሬት የሚነካ አልመሰለኝም።

«ቀስ በል፤ ዱካዋን እንይ እንጂ» አልኩት።

«መሣሪያው ያውቃል» አለኝ ዞር ሳይል።

ሳልወድ ተከተልኩት። ጢጥታው እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄዶ አንድ ረጅም ጩኸት ሆነ። ምልክት ላኪዋ ብቻዋን ረግፋ ቅጠል ላይ ተኝታለች።

ተራገመና መቀበያውን አጠፋው። ጫካው ጸጥ አለ።

ያን ጊዜ ከኋላችን የሚቆራረጥ ትንፋሽ ሰማሁ። ቅድም እየተጣደፍን ካለፍነው ቁጥቋጦ ሥር ነው፤ አጋዘኗ ዞራ ተመልሳ ኖሯል። ቢላዬን መዝዤ ሮጥኩ። «ቢስሚላህ» ብዬ አንገቷን ስይዝ ሙቀቷ ነበረ፤ ትንፋሿ ግን የለም።