አቶ ነገ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ደንበኞቹ «አቶ ነገ» ይሉታል፤ ልብሱ መቼ ይደርሳል ሲሉት መልሱ ሁሌም «ነገ» ነዋ! በነጋታው ሲመጡ እሱ መቁረጫው ጠረጴዛ ስር ይገባል፤ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ውይ፣ አሁን ወጣ! ልብሱ አልቋል እኮ፤ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው» እላለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ይቺም ውሸት ተብላ? የሙያው ወግ ናት እል ነበር። እሁድ እሁድ ከመዘምራኑ ፊት የምቆመውም እኔው ነኝ።

ባለፈው እሁድ ሰባኪው፣ «ከአልጋው ሳይወርድ በስልክ 'መንገድ ላይ ነኝ' የሚለው ማነው? አዎ ካላችሁ አዎ ይሁን!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ባሌ አልሳቀም። ቤት ስንገባ፣ «እግዜር የሚሰማው ጸሎቴን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሱቅ ውስጥ የማወራውንም ይሰማል» አለ። እንግዲህ ጀመረው፣ አልኩ በሆዴ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አንዲት የሙሽራ እናት መጡ። ሠርጉ እሁድ ነው። ጨርቁን ከሰጡን ሦስት ሳምንት ቢሆነውም መቀስ አልነካውም። ባሌን ልማድ አሸንፎት ጠረጴዛው ስር ገባ።

«የልጄ ቀሚስስ?» አሉ።

«ኧረ እትዬ፣ አልቋል! ቁልፍ ብቻ...»

ባሌ ዳዴ እያለ ወጣ፤ ፀጉሩ ክር በክር ሆኗል። «እትዬ፣ ጨርቁ አልተነካም። ዋሽተንዎታል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ክው አልኩ። እሳቸውማ፣ «ልጄን ራቁቷን ልድራት?» ብለው ጮኹ። ጨርቁን ነጥቀው ማዶ ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ገቡ። ደሜ ፈላ። «ጽድቁን ከሰኞ ብትጀምረው ምን ነበረበት?» ብዬ ወረድኩበት። እሱ ፀጉሩ ላይ ያለውን ክር መልቀም ያዘ።

እናትየው ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው መጡ። «ያ ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ 'ነገ ይደርሳል' አለኝ። አንተስ? እውነቱን ንገረኝ።»

«ነገ አይደርስም» አለ ባሌ። «ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቼ ከያዝኩት ቅዳሜ ከሰዓት ይደርሳል። ዳር ዳሩን የሚዞረው ዳንቴል ግን አይታሰብ፤ ጊዜ የለም።»

ልጅቷ ያን ዳንቴል ስትመኝ ከርማለች። የእናትየው ዓይን እንባ አቀረረ። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «በል ቁረጥ» አሉ።

እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«እሱስ ይቅርታ ጠየቀኝ። አንቺስ፣ ልጄ?»

ሰበብ መቼ አጥቼ! መብራት ጠፍቶ ነበር፣ የስፌት መኪናው ተበላሽቶ ነበር፣ አሞኝ ነበር፤ ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ባሌ መቀሱን እንደያዘ ቆሞ ያየኛል። አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ።

«ዋሸሁዎት» አልኩ። «ይቅር ይበሉኝ።»

እሳቸውም ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና፣ «በይ ለእኔም መርፌ አምጪ» አሉኝ።