የሹፌሩ ክዳን

ጌታሰው ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ሬዲዮ ይጠግናል። የእኔን ፎቶ ኮፒ ቤትና የእሱን ሱቅ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውን አብዛኛውን የሰማሁት ልስማ ብዬ ሳይሆን እዚያ ተቀምጬ ስለነበር ነው።

ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው። በውትድርናው ዘመን የታንክ አጉራሽ ነበር፤ ጥይት እያነሣ መድፉን የሚያጎርሰው እሱ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ያን ታንክ በትንሹ ልሥራው ብሎ ተነሣ። ሃያ ሳንቲ ሜትር የነበረውን ሁሉ ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር እያወረደ፣ ገላውን ከዘይት ቆርቆሮ፣ ጎማዎቹን ከዋንዛ ቅርንጫፍ፣ አፈሙዙን ከሬዲዮ አንቴና አወጣው። ሥዕሉን ከኢንተርኔት ፈልጌ ያተምኩለት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ወረቀት መለሰልኝ።

“ይኼ ሌላ ታንክ ነው” አለኝ። “የእኛው ሰፊ ክፍተት ያለው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጎማ መካከል ነው። ይኼን እየው፣ ከኋላ ነው የሰፋው።”

መነጽሬን ጠርጌ አየሁ፤ እውነቱን ነበር። ለእያንዳንዱ ጎን ሰንሰለት ዘጠና ቁራጭ ቆርቆሮ ቆርጦ በሽቦ አያያዘ። ሰባ ላይ ቢያቆም ማንም አይቆጥርበትም ነበር።

ሃምሳ አለቃ አምባዬ በየቀኑ እየመጡ ይዘልፉት ነበር። የዚያ ታንክ አዛዥ እሳቸው ነበሩ። አሁን የሠፈራችን እድር ዳኛ ስለሆኑ፣ ሲናገሩ የሚያቋርጣቸው የለም። ታሪካቸው አንድ ነው። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲያፈገፍግ፣ ከቡሬ ወዲህ ታንኩ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ሞተሩ ተመትቶ ነደደ። ተኳሹ በወባ ታሞ ስለቀረ መድፉን የያዙት ራሳቸው ነበሩ። ሹፌሩ ምስጋናው ከፊት በስተግራ፣ ከራሱ በላይ ያለውን የመውጫ ክዳን ከፍቶ፣ ጥሏቸው ሮጠ። እሳቸውና ጌታሰው በላይኛው በር የወጡት ከእሱ በኋላ ነው። ምስጋናው ከዚያ ወዲህ አልታየም፤ ሱዳን ገባ ተባለ።

ይህንን ሉማሜ ድረስ ሄደው ለቤተሰቡ የነገሩት እሳቸው ናቸው። እናቱ ወለተ ሚካኤል “ልጄ ይመጣል” እንዳሉ ሞቱ። በሕይወት አለ ለተባለ ሰው ፍትሐት አይፈታም፣ ተዝካር አይወጣም። እህቱ አሰገደች ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ወንድሟን ሳታለቅሰው፣ የፈሪ እህት እየተባለች ኖረች።

ሥራው ሊያልቅ ሲል አምባዬ የሹፌሩ ክዳን ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

“ይኼ ለምን ተዘጋ?”

“ዝግ ነው፣ ሃምሳ አለቃ።”

“ልክ በልክ ነው የምሠራው ስትል አልነበር? ያን ቀን ክፍት ነበር። ክፈተው። ፈሪ የሾለከበት ቀዳዳ ይታይ።”

“አይከፈትም።”

“አሻንጉሊትም አቃተህ? ድሮስ ቢሆን አንተ ማጉረስ እንጂ ምን ታውቃለህ።”

ሬዲዮ ሊያሠሩ የመጡ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ጌታሰው አንገቱን አላቀናም።

“ያጎረስኩት እጄን ሲነክሰኝ የመጀመሪያው አይደለም” አለ።

“ምን አልክ?”

“አይከፈትም አልኩ።”

“ሞርደውና ክፈተው እንግዲህ። እኔ ነኝ የማላውቀው?”

እሳቸው ሲወጡ ጠራኝና አሳየኝ። አፈሙዙን በመጨረሻው ተኩስ እንደነበረው አድርጎታል፤ ወደ ግራ ዞሮ፣ ዝቅ ብሎ። የመጨረሻውን ጥይት ያጎረሰው እሱ ስለሆነ አልረሳውም። ክዳኑ ሊከፈት መጀመሪያ ወደ ላይ መነሣት አለበት፤ ሲነሣ ግን አፈሙዙን ገጭቶ ይቆማል። ጌታሰው ልኩ የተሳሳተበት መስሎት አፍርሶ ሠራው። እንደገና አፈረሰ። ሦስተኛውም ያው ሆነ።

“የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም” አለኝ። “እኔ በላይ ነው የምገባ የምወጣው።” ከዚያ የአሰገደችን ስልክ እንድፈልግለት ጠየቀኝ።

ቅዳሜ በሚኒባስ መጣች። ወንበር ሰጠናት፤ አልተቀመጠችም።

“ለዚህ ነው ከሉማሜ የጠራኸኝ?” አለች ታንኩን አይታ። “የሰው ፊት የሚያስገርፈኝን ነገር አሳምረህ ሠርተህ ልታሳየኝ?”

“እህቴ፣ ያን ክዳን በጣትሽ ክፈችው።”

እሺ ማለቷ እስካሁን ይገርመኛል። ጥፍሯን ሰድዳ ወደ ላይ ሳበችው። የጤፍ ቅንጣት ታህል ተነሥቶ ቆመ።

“ተጣብቋል።”

“አልተጣበቀም። አፈሙዙን ወደ ቀኝ አዙሪውና ሞክሪ።”

አዞረችው። ክዳኑ ተነሥቶ ወደ ጎን ዞረ። ወደ ግራ መለሰችውና ደግማ ሞከረች፤ አልከፈት አለ። ይህን ስታደርግ አምባዬ በሩ ላይ ቆመው ነበር። መቼ እንደመጡ አላየሁም።

“ከሥርም መውጫ አለው” አሉ።

“ቦይ ውስጥ ነበርን” አለ ጌታሰው። “ሆዱ መሬት ነክቷል።”

“በእኛ በኩል ይወጣ ነበር።”

“በእኛ በኩል እሳት ነበር። እኛስ የወጣነው ለዚያ አይደል?”

አሰገደች ዓይኗን ከታንኩ አላነሣችም። “አፈሙዙን የሚያዞረው ማን ነበር?”

“በዘይት ቆርቆሮ ነው እንዴ እኔ የምመረመረው?” አሉ አምባዬ።

“ማን ነበር?”

“እኔ ነበርኩ። ጦርነት ነው፤ ሠርግ ቤት መሰለሽ? በዚያ ሰዓት ማን አዙሮ ይወጣል?”

“ከውስጥ ሲያንኳኳ ሰምተዋል?”

“ጆሮዬ ደንቁሮ ነበር።”

“አላንኳኳም አላልክም” አለች። እስከዚያ ድረስ አንቱ ትላቸው ነበር። ወደ ጌታሰው ዞረች። “አንተስ?”

ጌታሰው ሞረዱን ከጠረጴዛው አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። “ሰምቻለሁ። ሃምሳ አለቃ፣ የሚንኳኳው ጥይት ሲፈነዳ ነው ብለው ጎተቱኝ። አመንኩ።”

“ሠላሳ አራት ዓመት?”

“ማመኑ ይሻለኝ ነበር።”

አምባዬ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። አሰገደች ቀደመቻቸው።

“እናቴ በየዓመቱ ለጥምቀት አዲስ ጋቢ እያሠራች ታስቀምጥለት ነበር። ጋቢውን እያየህ ቤታችን በልተሃል፤ አንተ ሰውዬ። በሚመጣው ቅዳሜ ፍትሐት አስፈታለታለሁ። ሁለታችሁም ሉማሜን እንዳትረግጧት። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ባያችሁ፣ ካህናቱ ፊት በድንጋይ ነው የማባርራችሁ።”

“ጌታሰው ነው እኮ እውነቱን ያወጣው” አልኩ። 

“ያወጣው ቆርቆሮው ነው” አለችና ወጣች።

አምባዬ ከዚያ ቀን ወዲህ በእኛ መንገድ አያልፉም። የእድሩን ስብሰባ ግን እንደ ወትሮው ይመራሉ፤ ለሰው የሚነግሩት አሰገደች አእምሮዋ ተነክቷል ብለው ነው።

በተባለው ቅዳሜ ሉማሜ ሄድኩ። መሄድ ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም። አሰገደች ጥቁር ለብሳ ቅጥሩ በር ላይ ቆማ የሚገባውን ሰው ፊት በፊት ታያለች። እኔን አስቆመችኝ።

“ማን ላከህ?”

“ማንም።”

“እሱ ላከህ?”

“አላወቀም። ሱቅ ነው ያለው።”

መንገድ ለቀቀችልኝ። ውስጥ ገብቼ ከግድግዳው ሥር ቆምኩ። ካህኑ ምስጋናውን በክርስትና ስሙ፣ ዘማርያም ብለው፣ ከሙታን ጋር ጠሩት።