ሳጥኑ ላይ የተኛው ሰውዬ

መካነ ሰላም በክረምት ጉም ይወርድባታል ይላሉ። ልክ አይደለም። ነዋሪው ጉሙ ነው፤ እኛ እንግዶቹ ነን። በር ከፍታችሁ ከረሳችሁ ዘው ብሎ ገብቶ አልጋችሁ ላይ ይቀመጣል። ያን ክረምት ግን ከጉሙ ጋር ሌላም ሰው ገባብኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። ከአልጋዬ ግርጌ፣ አረንጓዴ ቀለም በተቀባው የእንጨት ሳጥን ፊት ላይ፣ መዳፍ የምታህል ጥቁር ነገር ታየችኝ። ጥላ መሰለችኝ። ከመስኮቱ ዘወር አልኩላት፤ አልሄደችም። በጋቢዬ ጫፍ ጠረግኋት፤ ጠፋች። በማግስቱ ዘመዶቿን አስከትላ መጣች።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ከፈኔ ነው። ልጄ ከዐረብ አገር ስትመለስ፣ ሌላው አባት ስልክና ብርድ ልብስ ሲመጣለት፣ ለእኔ ከመካ የተገዛ መቀበሪያ ጨርቅና የዘምዘም ውሃ አመጣችልኝ። አትፍረዱባት፤ ለምኛት ነው። በእኛ ዘንድ ከፈኑን አዘጋጅቶ የሚቀመጥ ሽማግሌ አስተዋይ ይባላል። እኔ በዕድሜዬ አስተዋይ የተባልኩት በዚያች ጨርቅ ብቻ ነው።

ዝናቡ ሲበረታ ጥቁሩ ነገር መልክ አወጣ። ራስ ሆነ። ትከሻ ተከተለ፣ ረጅም ጎን፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ እጥፍ ያለ ጉልበት። ጎኑን ሰጥቶ የተኛ ሰው! እኛ ደግሞ ሙታችንን በጎኑ ነው የምናስተኛው። ቀረብ ብዬ ባሸተው አዲስ የተቆፈረ አፈር ይሸታል። በዚያ ላይ ሳል ጀመረኝ። ጠረግሁት፤ ተመለሰ። ደግሜ ጠረግሁት፤ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ አብጦ ጠበቀኝ። ነፍስ ወሳጁ መልአክ፣ መልአከል መውት፣ ሳጥኔ ላይ ምልክት አደረገ ብዬ ቆረጥኩ። ለልጄ ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ ቀልደኛ አባት ፈራሁ ሲል ማን ያምነዋል?

እንግዲህ ሟች የሚያደርገውን ማድረግ ጀመርኩ። ጎረቤት እየዞርኩ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልኩ። ከአጥሬ ማዶ ያለችው ክርስቲያን ባልቴት ብቻ አስቸገረችኝ።

«ምን በድለውኝ ነው አፉ የምልዎ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ብቻ መልአኩ ሳይመጣብኝ ፍጠኚ።»

«አውቃለሁ እንጂ! የወሰዱብኝ መጥረቢያ ሳይመለስማ አፉ አልልም። መልአኩም ትንሽ ይጠብቅ።»

ምልክቱ ፊት ቁጭ ብዬ ስስል ልጄ የደረሰችብኝ በዚያው ሰሞን ነው። ጎንበስ ብላ አየችው።

«አባ፣ ይኼ እኮ ሻጋታ ነው።»

«ሻጋታ ጉልበት አለው?»

«ጉልበቱን እንጃ። የሚያስልዎ ግን እሱ ሳይሆን አይቀርም። ውስጡ ረጥቦ ይሆናል፤ ይክፈቱት።»

«ከፈን ያለ ቀኑ አይከፈትም። ብንከፍተው ዛሬ እሞታለሁ።»

«ካልከፈትነውስ?»

«ነገ።»

«እንግዲያ የአንድ ቀን ነገር ነው» ብላ እጇን ዘረጋች። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር። በመዳፌ ሸፈንኩት። ስቄ ላሳልፈው ሞከርኩ፤ ሳቁ ሳል ሆኖ ወጣ። እሷ አልሳቀችም። ቁልፉን ሰጠኋት።

ክዳኑ ሲነሳ የአፈሩ ሽታ ፊታችን ላይ ተነፈሰብን። ከፈኑ ረጥቦ፣ በጥቋቁር ነጠብጣብ ተወርሮ፣ ከሳጥኑ ፊተኛ ሳንቃ ጋር ተጣብቆ ተጋድሟል።

«አባ፣ ዘምዘሙን ሲያርከፈክፉበት አድርቀውታል?»

«በረካው እንዲተን ፀሐይ ላይ ላስጣው?»

አየችኝ። ያኔ ገባኝ። ክረምቱ ሲገባ ጨርቁን በዘምዘም አርሼ፣ ጨምቄ፣ ነገ እኔ ላይ እንደሚታሰረው በርዝመቱ ጠቅልዬ፣ ራስና እግሩን አስሬ፣ ከሳንቃው አስጠግቼ የቆለፍኩበት እኔው ነኝ። እንጨቱ ከውስጥ ጠጣ፤ ከውጭ ቀለሙ አፈነው። ቀለሙንም የቀባሁት እኔው፤ ከበሩ የተረፈውን፣ ያውም እንዳያልቅብኝ ደራርቤ።

ሳጥኑን ተጋግዘን በረንዳ አወጣነው። ልጄ አፍና አፍንጫችንን በሻሽ አሰረች። በደረቁ ልፈገፍገው ስል ጮኸችብኝ፤ ብናኙ ይነሳል አለች። በሳሙናና በአቼቶ የራሰ ጨርቅ ሰጠችኝ። ያበጠው ቀለም ተላጠ፤ ከሥሩ እንጨቱ ጠቁሯል። ሰውዬው ቀለሙ ላይ ሳይሆን ሳንቃው ውስጥ ነበር የተኛው። ጥቁረቱ ቀለል አለ እንጂ ጨርሶ አልለቀቀም። ከፈኑንም እሷ አጥባ፣ ከሰዓት በኋላ በወግዲ በኩል ሰማዩ ሲከፈት ሽቦ ላይ ሰጣችው። እኔ ከጀርባው ቆሜ መጠበቅ ያዝኩ። የዘምዘም ከፈን ቁራ ቢያበላሽብኝ ሌላ ከየት አመጣለሁ?

ወዲያው ጉሙ ተመለሰ። አጥሩን ዋጠ፣ ሳጥኑን ዋጠ። ከፈኑ ንፋስ ሞልቶት ደረት አወጣ፤ ተነፈሰ፣ ደግሞ ሞላ። ቁመቱ ቁመቴ ነው። ፊት ለፊት ተፋጠጥን፤ ፊት ያለኝ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባልቴቷ እሳት ልትጭር ነው መሰል፣ በጉሙ ውስጥ መጣች። ያየችው ነጭ ከፈንና ከሥሩ የቆሙ ሁለት እግሮችን ነው።

«በስመ አብ!»

ዝም ማለት ይገባኝ ነበር። አልቻልኩም።

«መጥረቢያውን መልስ ብለው ላኩኝ» አልኩ፣ ድምፄን አውርጄ።

«አፉ ብያለሁ! ወላዲተ አምላክን አፉ ብያለሁ! መጥረቢያውም ይቅር!»

ራሴን በከፈኑ ጎን ብቅ ሳደርግ በያዘችው ገል አናቴን ልትለኝ ትንሽ ቀርቷት ነበር። አፉታዋን ግን መልሳ አልወሰደችም፤ በወላዲተ አምላክ ምላለቻ! ያን ዕለት ከሳቅኩ በኋላ ያሳለኝ ከሳቁ ብዛት ነው።

አሁን ሳጥኑ ቀለም የለውም፤ ክዳኑም ተከፍቶ ይውላል። ከፈኑ ጠንቅቆ ደርቆ በውስጡ ተቀምጧል። ሳሉም ለቀቀኝ። ልጄ ነገሩ አለቀ ትላለች፤ እኔም አልቋል እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቄያታለሁ፦ የጠቀለልኩት ጨርቅ ቀጥ ያለ ነበር፤ ጉልበቱ ታዲያ ከየት መጣ?

«ውሃ እንደፈለገው ይሄዳል፤ አብሽሩ አባ» አለችኝ።

አብሽሬያለሁ። ብቻ ድሮ በብርድ እንደ ሰውዬው ጉልበቴን አጥፌ ነበር የምተኛው፤ ከዚያ ወዲህ ዘርግቼ ነው የምተኛው።